ካያያዝ ይቀደዳል ድሮ ቀረ
(ከአቡጀዲ እስከ «ቻይና ነው»)

አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ሲሉ ጨርቁን አልወቀሱም፤ የወቀሱት ያዡን ነው። ተረቱ በተፈጠረበት ዘመን ጨርቅ ያለ ምክንያት ይቀደዳል ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ከተቀደደም ለባሹ እሾህ ላይ ጎትቶታል፣ ወይም ጠብ ውስጥ ገብቶበታል፣ ወይም ሲያጥበው ድንጋይ ላይ አለቅጥ ፈትጎታል ማለት ነበር። ዛሬ ግን ተረቱ ማሻሻያ ሳያስፈልገው አይቀርም። በሁለተኛው እጥበት ስፌቱ የሚለቅ ሸሚዝ፣ በመጀመሪያው ነፋስ ሽቦው የሚገለበጥ ጃንጥላ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ሶሉ የሚገነጠል ጫማ ስለ አያያዛችን የሚነግሩን ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ይዘን ወደ ገዛንበት ሱቅ ብንመለስ ባለሱቁ በሁለት ቃል ያሰናብተናል፤ «ቻይና ነው እኮ!» ይላል። ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ እውነት ነውን? ርካሽና ብልሹ ዕቃ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ነውን? ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ ስመረምረው ያገኘሁት ታሪክ ከባለሱቁ መልስ በጣም የራቀ ነው። «ቻይና» የሚለውን ስድብ ከቻይና በፊት ጃፓን፣ ከጃፓን በፊት ጀርመን፣ ከጀርመንም በፊት እንግሊዝ ተሸክመውታል። በአንጻሩ ደግሞ የእኛው አያቶች ዕቃ መርጠው የሚገዙ፣ የማይታለሉ ደንበኞች የነበሩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ሠራው?» ከሚለው ይልቅ «ማን አዘዘው? ማን ፈተሸው? ማንስ ዝም ብሎ ገዛው?» የሚለው ይመስለኛል። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ከአቡጀዲ እንጀምር።

አቡጀዲና የማይታለለው ገዢ

አቡጀዲ ስሙ ዐረብኛ ዐረብኛ ይሸታል። ዕቃው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ይሸመን የነበረው በሰሜን አሜሪካ፣ ሎዌልን በመሰሉ የማሳቹሴትስ ከተሞች ነበር። ያልነጣ፣ ወፍራምና ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ነው። ሳሌም ከምትባለው የማሳቹሴትስ ወደብ የሚነሡ መርከቦች ይህንን ጨርቅ ጭነው የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ እየዞሩ ወደ ዛንዚባር ይመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1833 አሜሪካ ከዛንዚባሩ ገዥ ከሰይድ ሰዒድ ጋር የንግድ ውል ከተዋዋለች በኋላ ንግዱ ደራ። በስዋሂሊ ቋንቋ ጨርቁ እስከ ዛሬ «መሪካኒ» ይባላል። በእኛም አገር በምፅዋና በዘይላ በኩል እየገባ የሸማኔውን ሥራ ይሻማ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ታሪክ አለ። ሩሸንበርገር የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1835 ዛንዚባር ደርሶ ያየውን ጽፎአል። እንደ እርሱ አባባል እንግሊዞች የአሜሪካኑን ጨርቅ ገበያ ለመንጠቅ የራሳቸውን ጨርቅ የአሜሪካ ምልክት እያተሙበት ያመጡ ነበር። ዛሬ በመርካቶ ቋንቋ «ፎርጅድ» የምንለው መሆኑ ነው። ገዢዎቹ ግን ልዩነቱን ነቁበት። የአሜሪካኑ ጨርቅ ጥንካሬውና ዕድሜው የተለየ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ እንዳይታለሉ ሲሉ ከእንግሊዝ ነጋዴ ጭራሽ መግዛት አቆሙ። እርግጥ ነው፣ ተራኪው አሜሪካዊ ስለሆነ ለአገሩ ሳያዳላ አልቀረም። ቢሆንም ዋናው ነገር ግልጽ ነው፤ ያኔ አስመሳዩን ዕቃ ይዘው የመጡት እንግሊዞች፣ አስመሳይነቱን ያጋለጡት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ገዢዎች ነበሩ።

ይህ የገዢ ንቃት በጨርቅ ብቻ አልተወሰነም። የማርያ ቴሬዛን ብር ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ለመቶ ምናምን ዓመታት ሲቀረጽ ያው 1780 የሚለው ዓመት አልተለወጠም። ምክንያቱ የኢትዮጵያና የዐረብ አገር ተቀባይ ሌላ ዓመት የተጻፈበትን ብር አልቀበልም ማለቱ ነው። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ፣ ጥርት ብለው ካልወጡ ብሩን የሚመልስ ባላገር ብዙ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዕንቁ እየቆጠረ የቪየናን ገንዘብ አታሚዎች ሥራ ይቆጣጠር ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የአቡጀዲ ገበያ የቱን ያህል ትልቅ እንደ ነበር ለማየት ደግሞ 1896 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። የዐድዋ ድል ስምንት ዓመት ሳይሞላው፣ በማርሴይ የአሜሪካ ዋና ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር በበቅሎና በግመል ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዳግማዊ ምኒልክም ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካኖችን ያን ሁሉ መንገድ ካስኬዷቸው ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር።

እንግሊዝ፦ አፈር የለበሰ ጨርቅ

አሁን ደግሞ ወደ ላንክሻየር እንሻገር። ላንክሻየር ማለት የዓለም ሕዝብ ግማሹን አልብሳለሁ ትል የነበረችው የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ጥጥ ከገበያ ጠፋ፤ ዋጋውም ሰማይ ነካ። የላንክሻየር ባለፋብሪካዎች ታዲያ ዘዴ ፈጠሩ። ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ ቀድሞም ሙጫ ይቀባ ነበር፤ አሁን ሙጫውን አብዝተው፣ በላዩም ነጭ አፈር ጨምረው ጨርቁን በክብደት ያወፍሩት ጀመር። ይህ አፈር የሚቆፈረው እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ከሚባል ስፍራ ነው። የሚጠራው ግን (የታሪክን ቀልድ ተመልከቱ) «የቻይና አፈር» ተብሎ ነው።

ጦርነቱ አልቆ ጥጥ ከተገኘ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ጨርቁ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ገዢው ወስዶ ሲያጥበው ግን አፈሩ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ በእጁ የሚቀረው ወንፊት ነው። በመርከብ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሙጫው እርጥበት እየሳበ ጨርቁን ያሻግተው ነበር። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ ምክንያት አቤቱታ ካሰሙት ገዢዎች መካከል እነማን ነበሩ ቢባል፣ የቻይና ወደቦች ነጋዴዎች ይገኙበታል። ያኔ ሻንጋይ ላይ የሻገተ የእንግሊዝ ጨርቅ በእጁ ይዞ «እንግሊዝ ነው እኮ!» ያለ ቻይናዊ አይታጣም ብዬ እገምታለሁ።

ስድቡ ሲሻገር

እንግሊዝ በበኩሏ የምትሰድበው ጎረቤት አላጣችም። የጀርመን ፋብሪካዎች ቢላዋና መቀስ እየሠሩ የሼፊልድ ከተማን ምልክት ይመቱበት ነበር። ይህን ያሉት እንግሊዞች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላዴልፊያ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጀርመን ተወካይ የነበረው ኢንጂነር ፍራንዝ ሩሎ የአገሩን ዕቃ ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ፣ «ርካሽና መጥፎ» ብሎ ለአገሩ ጋዜጣ ጻፈ። ጀርመኖች ተቆጡ፤ ግን ሰሙት።

እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ፓርላማ የንግድ ምልክት ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝን ስም ወይም ምልክት የያዘ የባዕድ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲናገር ተገደደ። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚለው ጽሑፍ እንግዲህ ሲወለድ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ገዢ ሆይ ተጠንቀቅ ማለት ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1896 ኧርነስት ዊሊያምስ የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ ጽሑፍ ርእስ አድርጎ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ዋናው ስጋቱ የጀርመን ዕቃ የእንግሊዝን ገበያ መውረሩ ነበር። ዛሬ መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ሊያወድስ ሲፈልግ «የጀርመን ነው» እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።

ቀጥሎ ስድቡ ጃፓን ደረሰ። የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመች። በዓመቱም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ሄደው ጎበኙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው ገለጹ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ስለ ጃፓን ሥልጣኔ ሲያስቡ፣ ገበያው ግን የጃፓንን አቡጀዲ ይቀበል ነበር።

ጊዜው የዓለም የንግድ ድቀት ነበር። የቡናና የቆዳ ዋጋ ወድቆአል፤ ገበሬው እጅ ላይ ብር የለም። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ገንዘቧን ከወርቅ ስለለየች የን ረከሰ፣ ዕቃዋም ከማንም በታች በሆነ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የአሜሪካንና የሕንድ አቡጀዲ ቦታውን ለጃፓኑ ለቀቀ። ያ ጨርቁን እየዳሰሰ አስመሳዩን ይመልስ የነበረ ገዢ ልጅ፣ አሁን ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ይገዛ ጀመር። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ የመምረጥ አቅሙ ነው የጠፋው። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጃፓን በዚያ አልቀረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለውን አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋብዛ መሐንዲሶቿንና ሥራ አስኪያጆቿን ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማረች፤ በማግሥቱ ዓመትም በስሙ ሽልማት አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ወደ ውጭ የሚላኩ የተመረጡ ዕቃዎች ሳይፈተሹ ከወደብ እንዳይወጡ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰዓቱም ሬዲዮውም መኪናውም ይመሰክራሉ።

ያ ፔርሙስ

ወደ ቻይና ስንመጣ የግል ትዝታዬን ልጨምር። እኔ ባደግሁበት ቤት ትልልቅ አበቦች የተሣሉበት የቻይና ፔርሙስና ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ትሪ ነበሩ። ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ በነበሩት ዓመታት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በየቤቱ ይታዩ ነበር። የኛው ፔርሙስ የውስጡ መስተዋት ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ተለውጦለታል። መስተዋቱ ለብቻው ይሸጥ ነበርና። ቀፎው ግን ያው ነበር፤ አበባው ሳይደበዝዝ ሦስት የክርስትናና አንድ የሠርግ ድግስ አስተናግዶአል። «ቻይና ነው» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ምስጋና እንጂ ስድብ አልነበረም።

ታዲያ በመካከሉ ምን መጣ? በቻይና በኩል እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ የኢኮኖሚ ለውጥ ተደርጎ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋብሪካዎች ፈሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቃጠሉትም ቻይናውያን ራሳቸው ናቸው። ዌንጁ በምትባለው ከተማ የሚሠራው ጫማ ከካርቶን ጭምር የሚሰፋ ስለነበር በአንድ ሳምንት ይፈርሳል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1987 በሃንግጁ ከተማ አደባባይ ከ5,000 ጥንድ በላይ የዌንጁ ጫማ በሕዝብ ፊት በእሳት ተቃጠለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአንድ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጃንግ ሩይሚን ጉድለት የተገኘባቸውን 76 ማቀዝቀዣዎች ሠራተኞቹን ሰብስቦ በመዶሻ አስደቅቆአል። ያ ፋብሪካ ዛሬ ሃየር በሚል ስም በዓለም ይታወቃል። እንግዲህ ቻይና ጥሩ መሥራት አቅቷት አይደለም። ዛሬ የዓለም ምርጥ ስልኮችና የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚገጣጠሙት እዚያው ነው።

በእኛ በኩል የሆነውን ደግሞ እንይ። በ1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ለአንድ ዶላር ወረደ፤ የንግዱም በር ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብር ደጋግሞ ወርዶአል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ከሸሚዝ ስፌት ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። ነጋዴው የሚሸጥለት ሰው ገቢ በዶላር ልክ አላደገም። የትናንቱን ዕቃ ዛሬ ቢያመጣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ነው፣ የሚገዛውም የለም። ስለዚህ ዋጋውን ከሚጨምር ዕቃውን ያቀጥነዋል። ወደ ቻይና የሚመላለስ አንድ የማውቀው ነጋዴ እንዳጫወተኝ፣ ኢዩ በምትባለው የሸቀጥ ከተማ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ትፈልገዋለህ?» ብሎ ነው። ያው ጃንጥላ፣ ያው መልክ፣ በሦስት ዓይነት ዋጋ ይሠራል። የሽቦው ውፍረትና የጨርቁ ጥፍጥፍነት ግን ለየቅል ነው። አንደኛው ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ሦስተኛው የት እንደሚሄድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ማን ይከፍላል?

ስለ ጃፓኑ አቡጀዲ ስናወራ የመምረጥ አቅም ጠፋ ብዬ ነበር። አሁን ሒሳቡን እናስላው። ለምሳሌ ያህል ሦስት ወር የሚያገለግል የተማሪ ጫማ በ600 ብር፣ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ደግሞ በ2,400 ብር ይሸጣል እንበል። 2,400 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት የማትችለው እናት በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ጥንድ ገዝታ 4,800 ብር ትከፍላለች። በዚያ ላይ ልጅዋ ከስምንቱ ጫማዎች ጋር ስምንት ጊዜ እግሩ ረጥቦአል። ርካሽ ዕቃ ለድኻ የተሠራ ይመስላል፤ ዋጋውን ደጋግሞ የሚከፍለው ግን ያው ድኻ ነው። ብዙ የከተማ ሰው ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ሰልባጅ ተራ ሄዶ የሰው ልባሽ የሚመርጠው ለምን ይመስላችኋል? አንድ ጊዜ ለጥሩ ገበያ ተብሎ የተሰፋ ኮት፣ ተለብሶም ቢሆን፣ ሳይለበስ ከተሰፋው የተሻለ ስለሚቆይ ነው።

ሌላም የሚከፍል አለ፤ ጠጋኙ። የመርካቶ ሕይወት ግማሹ ጥገና ነበር። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበውን ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ጣሳው ኩባያ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የተሰበረው ዕቃ ዳግም የሚሠራበት ነገር ሲኖረው ነው። በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ የተዘጋ ሬዲዮ አይከፈትም። ከብጥስጣሽ ፕላስቲክ የተሠራ ወንበር አይበየድም። ቁራሌውም እንዲህ ያለውን ሲያይ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

ከገንዘብ የከፋም አለ። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ምጣድ ሰክቼበት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀልጦ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ከፍቼ ሳየው የሽቦው ላይኛው ገጽ መዳብ መሰለ፤ በቢላዋ ስፍቀው ግን ውስጡ አልሙኒየም ነበር። አልሙኒየም በዚያው ውፍረት እንደ መዳብ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ይግላል። ከአፈር ከተሞላው የላንክሻየር ጨርቅ ጋር ዘዴው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጨርቁ ቤት አያቃጥልም።

ከጫማ ተራ የተገኘ ትምህርት

ተስፋ የሚሰጥ ታሪክም አለ፤ እርሱም እዚሁ አዲስ አበባ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 አካባቢ ጀምሮ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው፣ በጓዳና በትናንሽ ቤቶች የሚሠሩት ጫማ ሰፊዎቻችን ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም ዘጉ። የውጩ ጫማ ያምራል፣ ይረክሳልም። ነገሩን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ግን ገዢው ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጫማው አይቆይም። ጫማ ሰሪዎቻችንም እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። የተሻለ ሶልና ማጣበቂያ ያስመጡ፣ የጣልያንንና የቻይናን ሞዴል ያጠኑ ጀመር። የአገራችን ቆዳም ረዳቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ገበያውን መልሶ ያዘ።

ይህ የሆነው ማንም በሩን ስለዘጋ አይደለም። ገዢው ሁለት ጫማ ጎን ለጎን አይቶ ማወዳደር ስለቻለና አማራጭ ስላገኘ ነው። ያ የዛንዚባሩ ገዢ፣ ያ ዕንቁ ቆጣሪ ባላገር ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ለጫማ ይህ ይበቃ ይሆናል። የሽቦን ውስጥ ግን ገዢ በዓይኑ ሊያይ አይችልም። እዚያ ላይ ጃፓን በ1957 ያደረገችው ዓይነት ፍተሻ፣ ከወደብና ከመጋዘን የማያልፍ ፍተሻ፣ ያስፈልጋል። ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎአል። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የምናነበው ጽሑፍ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ አይጠፋውም።

ስለዚህ ባለሱቁ «ቻይና ነው እኮ» ሲለን ዝም ብለን አንውጣ። ጀርመንን የለወጣት የገዛ ልጇ «ርካሽና መጥፎ» ብሎ መጻፉ ነው። ዌንጁን የለወጣት ጫማዋን ያቃጠለው የገዛ ወገኗ ነው። የኛን ገበያ ደግሞ ቻይናም ሆነ ጀርመን መጥቶ አይለውጥልንም። ለባለሱቁ የምንመልስለት ጥያቄ አለ፤ «በስንት ብለህ አዘዝከው?»